ሜዳዩ ከወረቀቱ ሳይለያይ ይመዝገብልን

ለጅማ ከተማ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣
ኒሻንና ሜዳይ በእጃቸው ለሚገኝ የጅማና የአካባቢዋ ቤተሰቦች፣
ለከተማችን ወርቅ ሠሪዎች

ጉዳዩ፦ በየቤቱ የሚገኙ የጦር ሜዳ ኒሻኖች፣ ሜዳዮችና ሰነዶቻቸው በአንድ መዝገብ እንዲሰፍሩ ስለመጠየቅ

ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ሜዳይ፣ ኒሻንና ወታደራዊ ሰነድ በማጣራትና በመጠበቅ ሥራ ላይ ያለን የጅማ ነዋሪዎች ነን። ጥያቄያችን አጭር ነው። በከተማችንና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች፣ በየቤቱ ሣጥንና ቁም ሣጥን ውስጥ ያሉ የጦር መኮንኖች፣ የወታደሮችና የአርበኞች ሜዳዮች በባለቤቶቻቸው እጅ እንዳሉ ይመዝገቡ። ይሰብሰቡ፣ ወደ ሙዚየም ይግቡ አላልንም። እንዲያውም መዝጋቢው አንዲት ሜዳይ እንኳ ቢሮ አሳድሮ ቢገኝ ሥራው በዚያው ይበላሻል፤ ሁለተኛ ቀን የሚመጣ ሰው አይኖርም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል የደነገገ ስለሆነ፣ ምዝገባና መውረስ የተለያዩ መሆናቸውን ጽሕፈት ቤቱ ከሁሉ አስቀድሞ ለሕዝቡ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ቢነግርልን ደስ ይለናል።

ምዝገባው ለምን እንደሚያስቸኩል እንናገር። እንግሊዞች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለተዋጉ ወታደሮቻቸው የሰጡት ሜዳይ በጠርዙ ላይ ቁጥር፣ ማዕረግ፣ ስምና የጦር ክፍል ተቀርጾበታል። ከመቶ ዓመት በኋላ ገበያ መሐል ቢገኝ እንኳ የማን እንደነበር ራሱ ይናገራል። የእኛው የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሜዳይ ግን ባብዛኛው ስም የለበትም። አንዱ የአርበኝነት ሜዳይ ከሌላው የአርበኝነት ሜዳይ በምንም አይለይም። ባለቤቱን የሚያውቀው ወረቀቱ፣ ፎቶግራፉና የቤተሰቡ ቃል ብቻ ነው። ታዲያ ውርስ ሲከፈል ምን ይደረጋል? ለታላቁ ልጅ ሜዳዩ፣ ለታናሹ ምስክር ወረቀቱ፣ ለሴቷ ልጅ ደንብ ልብስ የለበሰበት ፎቶ ይደርሳል። ክፍፍሉ ለቤተሰቡ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ለታሪኩ ግን ጥፋት ነው። አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ አሜሪካ፣ አንዷ አጋሮ ከሆኑ በኋላ ሦስቱን መልሶ ማገናኘት እጅግ ከባድ ነው። መከፋፈሉ ግድ ከሆነ እንኳ ከመከፈሉ በፊት ሦስቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው በአንድ ፎቶ ይነሡ።

ጅማ ለዚህ ሥራ ሰበብ የሚፈለግላት ከተማ አይደለችም። የሆለታ ዕጩ መኮንኖች የነበሩበት የጥቁር አንበሳ ጦር ከራስ እምሩ ጋር ሆኖ በታኅሣሥ 1929 እጁን የሰጠው ከዚህ በስተደቡብ ጎጀብ ወንዝ አካባቢ ነው። ጣሊያን ጅማን የጋላና ሲዳሞ ግዛት ብሎ ለሰየመው ክፍል ዋና ከተማ አድርጓት ሲቆይ፣ በሊሙና በአካባቢው የእነ ገረሱ ዱኪ አርበኞች ዕረፍት አልሰጡትም። ከተማዋ ሰኔ 14 ቀን 1933 ነፃ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ኮሪያ፣ ኮንጎ፣ ኦጋዴን አለ። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ የአያት የአርበኝነት ሜዳይ፣ የአባት የተባበሩት መንግሥታት ሜዳይ፣ የአጎት የደርግ ዘመን ሜዳይ ተደባልቆ በአንድ ቆርቆሮ ሊገኝ ይችላል። መዝጋቢው የመጀመሪያ ሥራው የየሰዉን ለየሰው መለየት ነው።

አሁን አንድ የሙሉ ዘመን መኮንን ደረት እንዴት እንደሚነበብ በዝርዝር እንጻፍ፤ ስሕተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው።

ኒሻን ደረጃ አለው። የኢትዮጵያ የክብር ኮከብ ኒሻንም፣ በ1920ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተቋቋመው የዳግማዊ ምኒልክ ኒሻንም፣ የቅድስት ሥላሴ ኒሻንም አምስት አምስት ደረጃ አላቸው። ደረጃውን የሚለየው አደራረጉ ነው። አንደኛው ደረጃ ከትከሻ ወደ ጎን የሚወርድ ኮርዶን የሚባል ሰፊ ጥብጣብ፣ ከደረት ላይ ከሚለጠፍ ትልቅ ኮከብ ጋር ነው። ሁለተኛው የአንገትና የደረት ኮከብ ነው። ሦስተኛው አንገት ላይ ብቻ ይንጠለጠላል። አራተኛውና አምስተኛው ደረት ላይ ይንጠለጠላሉ፤ የሚለያቸው አራተኛው በሪባኑ መሐል ሮዜት የምትባል ትንሽ ክብ የጨርቅ አበባ ስላለችው ነው። እንግዲህ ይህች የጨርቅ አበባ በክር ብቻ የተያዘች ናት። ስትወድቅ መኮንኑ በአንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ይነበባል። ስለዚህ ሪባኑን ስታዩ መሐሉ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ወይም ከዙሪያው ያልደበዘዘ ክብ ቦታ መኖሩን ፈልጉ፤ ካለ ሮዜት ነበረው ማለት ነው። በተቃራኒው ደግሞ የአንገት ኒሻን ሰፊ ጥብጣቡ ሲጠፋ ቤተሰቡ በደረት ሪባን ቀጥሎ ያስቀምጠዋል፤ ሦስተኛው ደረጃ አምስተኛ ሆኖ ይቀራል። የአንገቱ መስቀያ ቀለበት ብዙውን ጊዜ ሰፋ ያለ ስለሆነ መጠኑ ያስታውቃል።

በአርበኝነት ሜዳይ ሪባን ላይ የሚቀመጡት ዘንባባዎች የአርበኝነቱን ዘመን ይቆጥራሉ። ባለ 5 ዘንባባ የሚባለው አምስቱን ዓመት በዱር የቆየ ነው። ዘንባባዎቹ ከኋላ በቀጭን እግር የተያዙ ስለሆኑ እየላሉ ይወድቃሉ፤ አንድ ዘንባባ ሲወድቅ አንድ ዓመት አብሮ ይወድቃል። በሪባኑ ላይ ጥንድ ጥንድ ቀዳዳ ቁጠሩ፤ ዘንባባው ሦስት፣ ቀዳዳው አምስት ጥንድ ከሆነ ሁለቱንም ቁጥር ጻፉ እንጂ የጎደለውን ገዝታችሁ አትሙሉ። የስደት ሜዳይና የድል ኮከብም ከዚሁ ዘመን ናቸው፤ የስደቱ ሜዳይ ከአርበኝነቱ ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል፤ ሁለቱ የሚመሰክሩት ግን የተለያየ ነገር ነው።

ኮሪያ ላይ እንምጣ። ኢትዮጵያ ለኮሪያ ጦርነት የላከችው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ፑሳን ደረሰ፤ የተመደበውም ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር 32ኛ ሬጅመንት ጋር ነበር። የተኩስ አቁሙ የተፈረመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ነው። የዘመተው ሁሉ የተባበሩት መንግሥታትን የኮሪያ ሜዳይ ተቀብሏል። ሪባኑ ሰማያዊና ነጭ ቀጫጭን ሰረዞች ተራ በተራ የተደረደሩበት ነው። ይህ ሜዳይ በየተሳታፊው አገር ቋንቋ የተሠራ ሲሆን የእኛው በአማርኛ ነው፤ ማያያዣው ብረት ላይ ኮሪያ የሚለው ስም፣ ጀርባው ላይ የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር ዓላማ ስለመከላከል የሚናገረው ጽሑፍ በአማርኛ ተቀርጿል። እንግሊዝኛ የተጻፈበት ከሆነ በምትክ የተገኘ ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄ ያስነሣል እንጂ ሐሰተኛ አያሰኘውም። ይህ የአገልግሎት ሜዳይ ነው። ጀብዱ የሚመሰክረው ሌላ ነው።

ለምሳሌ የአሜሪካው ሲልቨር ስታር። ስሙ ብር ይላል፤ ሲታይ ግን ወርቃማ ነው። ወርቃማ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ሆኖ ከመሐሉ በጣም ትንሽ የብር ኮከብ አለው። ብሮንዝ ስታር ደግሞ በመጠንና በቅርጽ መንትያው ነው፤ ሁለቱም ወደ 38 ሚሊ ሜትር ናቸው። ከወለወሉት ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። ጀርባው ይታይ፦ ሲልቨር ስታር በእንግሊዝኛ በውጊያ ስለተፈጸመ ጀብዱ ይላል፤ ብሮንዝ ስታር ጀብዱ ወይም የላቀ አገልግሎት ይላል። ስለዚህ ብሮንዝ ስታር ብቻውን ጀብዱን አያረጋግጥም። በሪባኑ ላይ ቪ የምትባለው የላቲን ፊደል ቅርጽ ካለች ለጀብዱ ነው፤ ከሌለች ወረቀቱን መጠየቅ ነው። በወረቀቱ ላይ ከሁሉ በላይ የሚፈለገው ሽልማቱ የተሰጠበት የጠቅላይ ትእዛዝ ቁጥሩና ቀኑ ነው። እነዚህ ሁለቱ ከተገኙ ዋናው ቅጂ በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሊፈለግ ይችላል። ሌላው ሁሉ ቢደበዝዝ እነሱን በጥንቃቄ ገልብጡ።

በወርቃማ ክፈፍ ውስጥ ያለ ሙሉ ሰማያዊ ሪባን ብትገኝ ለክፍሉ የተሰጠ የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምስጋና ናት። በቀኝ ደረት ትደረጋለች። የሻለቃው ክብር ናት፤ በአንድ ሰው ስም ጀብዱ ተብላ አትመዝገብ። በኮንጎው የተባበሩት መንግሥታት ሜዳይም ሁለት ዓይነት ሪባን ቢታይ አትደንግጡ፤ መጀመሪያ የተሰጡት ኮንጎ የሚል ማያያዣ የነበራቸው ናቸው፤ የራሱ ሪባን ኋላ ነው የመጣው። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

አደራደሩን በተመለከተ የአገር ይቀድማል፣ የውጭው ይከተላል፤ ከአገሩም ኒሻን ከሜዳይ ይቀድማል። ቤተሰብ በክፈፍ ሲያስቀምጥ ትልቁን መሐል፣ ትንንሹን ግራና ቀኝ ያደርጋል። ያምራል፤ ይሁን። ግን ከመነቀሉ በፊት የነበረው አደራደር በፎቶ ይያዝ። መኮንኑ ራሱ ያሰፋው የሪባን ረድፍ ካለ ከማንኛውም ደንብ መጽሐፍ በላይ ዋጋ አለው፤ አትፍቱት፣ አታስተካክሉት።

የድሮ ፎቶ ጥሩ ምስክር ነው፤ ሁለት ወጥመድ ግን አለው። አንደኛ፣ ኔጋቲቩ ተገልብጦ የታተመ ከሆነ ሜዳዩ በቀኝ ደረት ይታያል። የወንድ ኮት ግራው በቀኙ ላይ ስለሚደረብ ቁልፉን ማየት ነው። ሁለተኛ፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩ ብዙ ፊልሞች ላይ ቀይ ጠቁሮ፣ ሰማያዊ ደግሞ ነጥቶ ይወጣል። ከጥቁርና ነጭ ፎቶ የሪባን ቀለም የሚገምት ሰው ይህን ካላወቀ ኒሻኑን ሌላ ያደርገዋል። የሪባን ስፋትም ይለካ፦ የእንግሊዝ 32፣ የአሜሪካ 35 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ35 ሚሊ ሜትር ሪባን ላይ የተንጠለጠለ የእንግሊዝ ሜዳይ ሪባኑ ተለውጦለታል ማለት ነው።

ስም ሌላ ፈተና ነው። በእኛ አገር በተለይ በጅማ የአንድ ሰው ስም በሦስት መልክ ይገኛል፤ በንጉሡ ዘመን ወረቀት በአማርኛ፣ በመታወቂያ በቁቤ፣ በውጭ አገር ምስጋና ወረቀት ደግሞ አሜሪካዊው ጸሐፊ እንደሰማው። አርበኛ ከሆነ አራተኛ የፈረስ ስም አለው፤ ይህን ለጅማ ሰው ማስረዳት አያሻም፣ አባ ጅፋር የሚለው ራሱ የፈረስ ስም ነው። መዝጋቢው አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል የለበትም። ሁሉም እንደተጻፉ፣ ከነስሕተታቸው ይገልበጡ። ቀኖችም እንደዚሁ፦ የእኛ ወረቀት በእኛ አቆጣጠር፣ የውጭው በፈረንጅ ነው። ሰነዱ ላይ ያለው ይጻፍና ከጎኑ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይመላከት። 1953 የሚል ቁጥር ብቻውን ቢቀመጥ ኮሪያም ኮንጎም ሊሆን ይችላል።

ወደ ጥበቃው እንለፍ። እውነቱን ለመናገር ሜዳይ ከሌባ ይልቅ የሚጎዳው በወዳጅ ነው።

በዓል ሲቃረብ፣ የካቲት 23 እና ሚያዝያ 27 ሲመጣ፣ ሜዳይ ይወለወላል። በሎሚና በአመድ፣ በጥርስ ሳሙና፣ በቀበቶ ዘለበት ማብሪያ። አመድና የጥርስ ሳሙና ይፍቃሉ፤ የንጉሡን መልክ፣ የአንበሳውን ጎፈር፣ የፊደሉን ስለት በየዓመቱ በትንሽ በትንሹ ይበላሉ። ብዙው ኒሻን ደግሞ በብር ወይም በመዳብ ላይ የተቀባ ወርቅ ነው፤ ቅቡ ስስ ስለሆነ ጥቂት ጊዜ ሲፈገፈግ ይለቅና ከሥሩ ያለው ይገለጣል። ሎሚ አሲድ ነው፤ በስንጥቅና በማጠፊያ ውስጥ ቀርቶ መዳቡን አረንጓዴ ያደርገዋል። ኢናሜል፣ ማለትም በብረቱ ላይ የቀለጠ ባለቀለም መስተዋት፣ ያለበት ኒሻን ውኃ ውስጥ ከገባ ውኃው በማይታይ ስንጥቅ ከኢናሜሉ ሥር ይገባል፤ ኢናሜሉም ከጊዜ በኋላ ተፈንቅሎ ይወድቃል። የወደቀ ኢናሜል እንደነበረ አይመለስም። የብር ጥቁረት ግን ጉዳት አይደለም። ሰልፈር ያመጣው ስስ ሽፋን ነው፤ ይተው።

የሚፈቀደው ይህ ነው፦ በንጹሕ የጥጥ ጓንት ተይዞ፣ ለስላሳ በሆነ ደረቅ የሠዓሊ ብሩሽ አቧራውን ማራገፍ። የተጣበቀ ቆሻሻ ካለና ኢናሜል ከሌለው በተጣራ ውኃ በትንሹ የረጠበ ጥጥ፣ ወዲያው ደግሞ ደረቅ ጥጥ። ከዚህ በላይ ከቤት አይሠራም።

አረንጓዴው ሁሉ አንድ አይደለም። ጠንካራና የማይለቅ ጥቁር አረንጓዴ ይቆይ። ፈዛዛ፣ ዱቄት መሳይ፣ ተጠርጎ ደግሞ ተመልሶ የሚመጣ አረንጓዴ ግን ከጨው የተነሣ በሽታ ነው፤ በእርጥበት ይባባሳል። ከ1967 በኋላ ዘውድ ያለበት ነገር ቤት መገኘቱ ያስፈራ ስለነበር ተቀብረው በቆዩ ሜዳዮች ላይ በተለይ ይጠበቃል። እንዲህ ያለው ከሌሎቹ ተለይቶ፣ ሪባኑ ወልቆ፣ ከ40 በመቶ በታች እርጥበት ባለው ሣጥን ይቀመጥ።

የጅማ ክረምት ረጅም ስለሆነ የአየሩ እርጥበት ዋናው ጠላታችን ነው። መፍትሔው ውድ አይደለም። ክዳኑ ግጥም የሚል 5 ሊትር የሚይዝ የምግብ ፕላስቲክ ዕቃ፣ እርጥበት የሚመጥ 100 ግራም ሲሊካ ጄል፣ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ይበቃል። ጄሉ ቀለሙ ሲቀየር ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ምድጃ ሁለትና ሦስት ሰዓት ደርቆ እንደገና ይሠራል። የዕቃውን ቂጥ ገልብጣችሁ በሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለውን ቁጥር እዩ፤ 2፣ 4 ወይም 5 ከሆነ መልካም። 3 ከሆነ ፒቪሲ ነው፤ ከጊዜ ብዛት አሲድ እየተነፈሰ ሜዳዩን የሚያጣብቅ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ያለብሰዋል። ቁጥር የሌለውን ፕላስቲክ ለመለየት የመዳብ ሽቦ በእሳት አግሉ፣ ፕላስቲኩን ንኩበት፣ መልሳችሁ ነበልባሉ ውስጥ አስገቡት፤ ነበልባሉ ደማቅ አረንጓዴ ከሆነ ፕላስቲኩ ክሎሪን አለበት። ይህን ደጅ ላይ አድርጉ፤ ጢሱ ይጎዳል።

በእንጨት ሥራው የሚታወቅ ከተማ ውስጥ ሆነን ይህን መጻፍ ይከብዳል፤ ግን አዲስ የተሠራ የእንጨት ሣጥን ለሜዳይ አይሆንም። ትኩስ እንጨትና ቫርኒሽ አሲድ ይተነፍሳሉ። ሣጥኑ ካማረ ሜዳዩ በፕላስቲክ ዕቃው ውስጥ ሆኖ በውስጡ ይቀመጥ። ላስቲክ ማሠሪያ፣ የሱፍ ጨርቅና ጋዜጣ ከብር ይራቁ፤ ላስቲክ የተጠመጠመበት ብር ጥቁር ሰረዝ አውጥቶ ይቀራል።

ሪባን አይታጠብም፣ አይተኮስም፣ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ አይሰቀልም። ብል ከበላው ሪባኑ ከሜዳዩ ይለይና በፖሊኤቲሊን ከረጢት ታሽጎ በማቀዝቀዣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ለሁለት ሳምንት ይቆይ። መብራት እየጠፋ በረዶው ከቀለጠ ቆጠራው ከአንድ ይጀመር። ከወጣ በኋላ ከረጢቱ ሳይከፈት የክፍሉን ሙቀት እስኪያገኝ አንድ ቀን ይጠበቅ፤ ቶሎ ከተከፈተ ጤዛ ያረጥበዋል።

ላሚኔት። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ግን በጥብቅ እንናገራለን፦ የንጉሡ ማኅተም ያለበትን ምስክር ወረቀት ላሚኔት አታስደርጉ። ሙቀቱ ቀለሙን ያፈዛል፣ ሙጫው ከወረቀቱ ጋር ይዋሐዳል፣ መመለሻም የለውም። በስኮች የተለጠፈም ከጊዜ በኋላ ቢጫ ይሆንና ጽሑፉን ይበላል። አስቀድሞ ላሚኔት ተደርጎ ከሆነ ለመላጥ አትሞክሩ፤ እንዳለ ስካን ተደርጎ በጨለማ ቦታ ዘርጋ ተደርጎ ይቀመጥ። ፎቶ ቤቶችና የጽሕፈት አገልግሎት ሰጪዎች፣ ደንበኛ ጠይቆ ቢያመጣ እንኳ በ600 ዲፒአይ ሁለቱን ገጽ ስካን አድርጋችሁ ቅጂውን ላሚኔት አድርጉለት፤ ደንበኛውም ይደሰታል፣ ዋናውም ይተርፋል።

ስለ ሐሰተኛ ሜዳይ ጥቂት። እውነተኛው በማተሚያ የተመታ ነው፤ ፊደሉ ስለታም፣ ባዶው ገጽ ለስላሳ ነው። ከሌላ ሜዳይ ላይ በሻጋታ የፈሰሰ ግን የአረፋ ቀዳዳ፣ የደነዘዘ ፊደል፣ ጠርዙ ላይ የስፌት መስመር ያሳያል፤ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ስለሚሸመቅቅም ከዋናው በጥቂቱ ያንሳል። ማግኔት የሚስበው ብር አይደለም፣ ነሐስም አይደለም። በጀርባው የአዲስ አበባውን አርመናዊ ወርቅ ሠሪ የሴቫጂያንን ወይም የውጭ ሠሪ ምልክት ካገኛችሁ ፎቶውን አቅርባችሁ አንሡት፤ ብዙ ዘመን ይናገራል። ሁለተኛ ቅጂ መያዝ ግን ማጭበርበር አይደለም። መኮንን ዋናውን አስቀምጦ ለዕለት የሚያደርገውን ያሠራል፤ ለእራት ግብዣም ትንንሹን ያደርጋል። እነዚህ ተለይተው የመኮንኑ ቅጂ ተብለው ይመዝገቡ።

ወርቅ ሠሪ ወንድሞቻችን፣ የምንለምናችሁ ሦስት ነገር ነው። ለመሸጥ የመጣን ሜዳይ በመፈተኛ ድንጋይ አትፋቁት፤ ጭረቱ አይጠፋም። ከማቅለጣችሁ በፊት ሁለቱን ገጽ በስልካችሁ አንሡና የሻጩን ፈቃድ ጠይቃችሁ ለጽሕፈት ቤቱ አሳውቁ። የላላ ቀለበት ስታጠብቁም ኢናሜል ካለበት እሳት አትጠቀሙ።

አሁን ጽሕፈት ቤቱ ሊያደርገው የሚችለውን እንጻፍ። ጊዜው ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት መጀመሪያ ቢሆን ይበጃል። ቡናው ተለቅሟል፣ መንገዱ ደርቋል፣ ከሊሙ፣ ከጎማ፣ ከሰቃ፣ ከደዶና ከማና የሚመጣ ሰው ይችላል፤ ከየካቲት 23 በፊትም ስለሆነ ሜዳዩ ሳይወለወል ይደርስልናል። ቦታው ሰው ተራ ጠብቆ የሚቀመጥበት አዳራሽ ይሁን። በአንድ ጠረጴዛ ሦስት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ፎቶ ያነሣል። የሚይዘው ሰው በጭራሽ አይጽፍ፤ እስክሪብቶ የያዘ እጅ ሪባን ያቆሽሻል። መጻፊያው እርሳስ ነው። ለአንድ መኮንን የተሰጠ ስብስብ ከወረቀቱ ጋር ከግማሽ ሰዓት በላይ ስለሚወስድ በአንድ ጠረጴዛ በቀን ከ12 በላይ አትቀበሉ። ተጣድፎ የተሠራ መዝገብ ለተከታዩ ትውልድ ሌላ ራስ ምታት ነው።

ዕቃው ቀላል ነው፦ እስከ 0.1 ግራም የሚለካ ሚዛን፣ ካሊፐር የሚባል የስፋትና የውፍረት መለኪያ፣ በሚሊ ሜትር የተከፈለ ማስመሪያ፣ ስካነር፣ የሚቆም ካሜራ ወይም ጥሩ ስልክ፣ አንድ የጠረጴዛ መብራት፣ ግራጫ ጨርቅ። መብራቱ ከጎን ዝቅ ብሎ ይብራ፤ ፍላሽ ፊደሉን ያጠፋዋል። ፊት፣ ጀርባ፣ ጠርዝ፣ ሪባኑ ከኋላ፣ ከዚያ ሙሉው ስብስብ ከወረቀቱ ጋር፤ ማስመሪያው በየፎቶው ይታይ። የመዝገብ ቁጥሩ ሜዳዩ ላይ አይጻፍ፣ አይለጠፍ፤ በጥጥ ክር በቀለበቱ ላይ በተንጠለጠለ ካርቶን ይሁን።

በቅጹ ላይ ከልኬቱ ሌላ የግድ መኖር ያለበት የማስረጃው ደረጃ ነው። በሰነድ የተረጋገጠ፣ በፎቶግራፍ የተደገፈ፣ በቤተሰብ ቃል የተነገረ፤ ሦስቱ ሳይቀላቀሉ ይጻፉ። አባታችን በዚህ ተራራ ላይ መትረየስ ማርኮ ነው የተሸለመው ያለች እናት ቃሏ በሙሉ፣ በራሷ አነጋገር ይመዝገብ፤ ነገር ግን በሰነድ የተረጋገጠ በሚለው ረድፍ አይግባ። የቤተሰብ ቃል ማነስ የለበትም፣ ወረቀቱ ሲገኝም ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ለማጣራት ከአዲስ ዘመን ጋዜጣ የ1933 እና ከዚያ በኋላ ያሉ ዕትሞች፣ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት)፣ የአርበኞች ማኅበርና የኮሪያ ዘማቾች ማኅበር ይጠየቃሉ። ስለዚህ ቅጹ ላይ ማዕረግ በየትኛው ዓመት እንደነበረ፣ ክፍለ ጦርና ሻለቃ፣ የጦር ትምህርት ቤት ኮርስ ይኑር፤ እነዚህ ከሌሉ ማኅበሩ ምንም ሊፈልግ አይችልም።

የባለቤቱ አድራሻ ግን በተለየ ደብተር ይቀመጥ። ለሕዝብ በሚታየው መዝገብ የሜዳዩ ፎቶ፣ የተሸላሚው ስምና ታሪክ ይበቃል። የትኛው ቤት ምን ኒሻን እንዳለ በይፋ መጻፍ ለሌባ መንገድ መጥረግ ነው።

በበዓል ቀን የአያቱን ሜዳይ ለሚያደርግ ልጅም አንድ ሐሳብ አለን። በእንግሊዝና በሌሎች አገሮች ወራሽ በቀኝ ደረቱ ያደርጋል፤ የራሱ አለመሆኑ ወዲያው ይታወቃል። ጽሕፈት ቤቱ ከአርበኞች ማኅበር ጋር ተማክሮ ይህን ለጅማ ሰልፎች ቢያስለምድ ክርክር ይቀንሳል። ለሰልፍ ቅጂ ይደረግ፤ ዋናው ቤት ይቅር። ሚያዝያ ማለት የዝናብ ወቅት ነው።

ለሦስት ጠረጴዛ የሚሆኑ ሰዎችን በሁለት ቀን ለማሠልጠንና ቅጹን በሁለቱ ቋንቋ አርቅቀን ለማቅረብ ያለ ክፍያ ዝግጁ ነን። ከጽሕፈት ቤቱ የምንጠብቀው አዳራሹን፣ አንድ ስካነርና የተወሰነውን ቀን ነው። ቀኑ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት በሐሙስ ገበያ፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ይነገር፤ ማስታወቂያውም ሜዳያችሁን ሳትወለውሉ፣ ወረቀቱን ሳታለያዩ ይዛችሁ ኑ፣ ይዛችሁም ትመለሳላችሁ ይበል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ሜዳይና ወታደራዊ ሰነድ በማጣራት ሥራ ላይ ያለን የጅማ ነዋሪዎች

ግልባጭ፦
ለጅማ ሙዚየም
ለከተማው ፎቶ ቤቶችና የጽሕፈት አገልግሎት ሰጪዎች